ሻምበል አበበ ቢቂላ ከሮም ወዲህ



የመጽሔቱ አዘጋጆች ዘንድሮ አንድ ነገር ጻፍ ብለው ቢያስቸግሩኝ ብዙ አመነታሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስገለብጥና መዝገብ ስይዝ የኖርኩ የጡረታ ሰው ነኝና ከራሴ አውጥቼ ምን እጽፋለሁ ብዬ ነው። በኋላ ግን አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ፀሐይ ስሞቅ የሰፈር ልጆች ስለ ሩጫ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው አበበ ቢቂላ ዕድሜ ልኩን ጫማ አድርጎ ሮጦ እንደማያውቅ ይናገራል፤ ሌሎቹም አምነውታል። እኔም ጣልቃ ገባሁና ኧረ ተዉ፣ በጫማ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ካሸነፈው ይበልጣል ብላቸው ሳቁብኝ። ልጆቹን አልቀየምኳቸውም። ያልነገርናቸው እኛ ነን።

ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን፣ ቶኪዮ ላይ መድገሙን ሁሉም ያውቃል። እኔ ልጽፍ የፈለግኩት በሁለቱ መካከል ስላለውና ከሁለቱ በኋላ ስለመጣው ነው። እንደኔ እንደኔ የሰውየው ልክ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ቀኑንና ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት ደግሞ በአሜሪካን አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ልጅነቱን ከብት ሲጠብቅና ገና ሲጫወት አሳልፎ በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጣና የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሩጫ የያዘውም እዚያው ጦር ውስጥ ሲሆን፣ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። እኒህ ሰው በ1938 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ አገር ብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው።

ልምምዱ ዳገት ነበር። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበረ ይነገራል። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነውና ሰው ቆሞም ይተነፍሳል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው የዚያን መንገድ ክብደት ያውቀዋል። እዚያ የለመደ ደም ታች ባሕር አጠገብ ሲወርድ ትርፍ ጉልበት ያገኛል ይላሉ አዋቂዎቹ። ይህ ነገር ዛሬ የታወቀ ነው፤ ፈረንጆቹም ለልምምድ ወደ እኛ አገር የሚመጡት ለዚሁ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ያሰበው ጥቂት ሰው ነበር። አበበ ወደ ሮም ከመሄዱ በፊት በአዲስ አበባ ተሞክሮ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገደማ ሲገባ፣ ይህ ሰዓት ዛቶፔክ የተባለው ዝነኛ የቼክ ሯጭ ኦሊምፒክ ላይ ካስመዘገበው ሰዓት የተሻለ ነበር። ሆኖም የውጭ ጋዜጠኛ ማን ከቁብ ቆጥሮት!

ሮምን ባጭሩ ልለፈው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። ሩጫው የተጀመረው ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ገደማ ስለነበር፣ ያለቀው ከመሸ በኋላ፣ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው እያበሩ ነው። እኛ አገር ችቦ በሚበራበት ዋዜማ እዚያም ችቦ በርቶ ነበር። አበበ 26 ቁጥር የለጠፈውን የሞሮኮ ሯጭ ጠብቅ ተብሎ ነበር፤ ራዲ የተባለው ይህ ሰው ግን 185 ቁጥር ለጥፎ አጠገቡ ሲሮጥ፣ አበበ ከፊት ለፊቱ 26 ቁጥርን ይፈልግ ነበር አሉ። ጥሎት የሄደው መጨረሻው ሲቃረብ ነው፤ ያውም ጣሊያን ከአክሱም ወስዶ ሮም ካቆመው ሐውልታችን አጠገብ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ለኢትዮጵያም የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጥቶ ነበር፤ ስሙን የሚያነሳው ስለሌለ እኔ ላንሳው።

እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ሰው ይተርከዋል። ወታደሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ሕዝቡ በሆታ ተቀበለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ የአሥር አለቃ ማዕረግም ተሰጠው። ሦስት ወር ሳይቆይ ግን ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መጣ። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ጋር ሆነው መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ፤ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሆነ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ነገሩም ከሸፈ። አበበ የዚያው ጦር ባልደረባ ነበርና እሱም ተይዞ ተጠየቀ፤ ከዚያ ተለቀቀ። እስቲ አስቡት፤ በጳጉሜን የአገር ኩራት፣ በታኅሣሥ ተጠርጣሪ። አብረውት ሰልፍ የቆሙት ጓደኞቹ ግማሾቹ ሞተው፣ ግማሾቹ ታሥረው ነበር። በዚህ ጊዜ ሩጫውን ትቶ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

እሱ ግን በዚያው ዓመት እኔ ከሁሉ የምወደውን የሩጫ ወራቱን ሮጠ። በአምስት ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ በሦስት አገር፣ ሦስት ማራቶን። የአንዱ ርዝመት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነውና፣ በውድድር ብቻ ከ126 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ሦስቱንም አሸነፈ።

የመጀመሪያው ግሪክ አገር ነው። ማራቶን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ አንድ የጥንት ወታደር የድል ወሬ ይዞ ማራቶን ከተባለው ስፍራ እስከ አቴና ሮጦ እንደደረሰ ወድቆ ሞተ የሚል ታሪክ አላቸው። መንገዱ ክፉ መንገድ ነው። የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ለጥ ያለ ሆኖ ያታልላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እስከ 31ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ዳገት ነው፤ ቁልቁል የሚሆነው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ዳገት ብቻ አይደለም፤ ፀሐዩም አለ። አበበ በዚህ መንገድ ላይም በባዶ እግሩ ሮጠና 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ገብቶ አሸነፈ። ሮም ላይ ዕድል ቀናው ይሉ የነበሩ ሰዎች ከዚህ በኋላ ምን እንዳሉ እንጃ።

ሁለተኛው ጃፓን አገር ኦሳካ ነው፤ በሰኔ ወር። የጃፓን ሰኔ እንደኛ ዝናብና ብርድ አይደለም፤ ዝናብና ወበቅ ነው ይላሉ። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ ጫማ ሠሪ አበበ ያረፈበት ድረስ ሄዶ ጫማዬን አድርገህ ሩጥልኝ ብሎ ለመነው፤ አበበም እሺ አለ። እንግዲህ የባዶ እግሩ ታሪክ ያበቃው እዚህ ላይ ነው። በባዶ እግሩ የሮጠው አገር ለማስደነቅ ብሎ አልነበረም፤ ሮም ላይ ያገኘው ጫማ እግሩን ስለላጠው ነው። የሚስማማው ሲገኝ አደረገ። በዚያ ወበቅ 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፈጀበት፤ ለእሱ የዘገየ ሰዓት ነው፤ ቢሆንም አንደኛ ነው።

ሦስተኛው መስከረም 1954 ዓ.ም. በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ ኮሺትሴ በተባለች ከተማ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረና በአውሮፓ ከሚሮጡት ማራቶኖች ሁሉ የቆየው ነው። እዚያ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገባ። ዛሬ ዓለም አቀፍ ሯጮች በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ማራቶን ሮጠው ለወራት ያርፋሉ፤ ገንዘቡም በሚሊዮን ነው። ያን ጊዜ የኦሊምፒክ ሯጭ በሩጫ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር። አሥር አለቃው ዋንጫውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ነበር እንጂ የሚከፈለው የወታደር ደመወዙ ነው።

ስለ ድሉ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ሽንፈቱም ልናገር፤ አለዚያ የቀብር ላይ ሙገሳ ይሆንብኛል። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር ሆኖ አሜሪካን አገር ቦስተን ሄደ። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እስከ 29ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አብረው ከፊት ነበሩ፤ አካሄዳቸውም የቦታውን ክብረ ወሰን የሚሰብር ነበር። የቦስተን መንገድ ክፋቱ፣ ዳገቶቹን ያስቀመጠው ሰው በደከመበት ቦታ ላይ ነው። ከመጨረሻዎቹ አንደኛውን የአገሩ ሰዎች ልብ ሰባሪ ይሉታል። የእንጦጦ ልጅ እንዲህ ላለ ኮረብታ ይንበረከካል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ነገር ግን ያን ዕለት ከባሕሩ የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊት ለፊት መታቸው፤ ጅማታቸው ተኮማተረ። ቤልጂጉ ኦሬል ቫንደንድሪሽ አለፋቸውና 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ገብቶ አሸነፈ፤ ሌሎችም አለፏቸው። አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ሆኑ።

በውጭ አገር ከሮጣቸው ማራቶኖች ጨርሶ እየገባ የተሸነፈበት ይህ ብቻ ነው። እኔ ይህን ውድድር የማነሳው ሁለት ነገር ስላየሁበት ነው። አንደኛ፣ ሰውየው በነፋስ የሚበርደው፣ ጅማት የሚይዘው ሰው ነበር፤ ተአምር አልነበረም። ሁለተኛ፣ አምስተኛ መሆኑን እያወቀ ሩጫውን አቋርጦ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ወደ ልምምዱ ተመለሰ፤ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ማራቶን አልሮጠም፤ የሮጠውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ወደ ቶኪዮ ሊሄድ ሲዘጋጅ ደግሞ ትርፍ አንጀት ተነሣበት። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ለሩጫው አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ በመስከረም 1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። እኔም ትርፍ አንጀቴን ተቀድጄ አውቃለሁ፤ በአምስተኛው ሳምንት እንኳን ማራቶን ልሮጥ፣ ከገበያ ዘምቢል ይዤ ስመለስ ሁለት ጊዜ ቆሜ ነበር። አበበ ገና ሆስፒታል ሳለ ግቢው ውስጥ መራመድ ጀመረ ይባላል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ከግማሹ በኋላ ብቻውን ወጥቶ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። እንደገና የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ስታዲየም የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ አራት ደቂቃ አበበ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ላይ እያነሣ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር፤ ሕዝቡም አበደ። የኦሊምፒክን ማራቶን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። ጫማው ግን የጃፓናዊው ሳይሆን የጀርመኑ ፑማ ነበር፤ ያ የኦሳካው ጫማ ሠሪ በገዛ አገሩ ላይ ይህን ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አንዳንዴ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ከቶኪዮ መልስ መቶ አለቃ ሆነ፤ ነጭ ቮልስዋገን መኪናም ተሰጠው። ከዚያም በ1957 ጃፓን ውስጥ ኦትሱ ላይ፣ በ1959 ጥቅምት ላይ ኮሪያ አገር ሴኡል ላይ አሸነፈ። በኋላ እግሩን ጉዳት ያዘው። ሜክሲኮ ላይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ እየታመመ ጀመረና 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ወጣ። ማሞ ወልዴ ግን ቀጠለና ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ። ቦስተን ላይ አብሮት ነፋስ የመታው ያው ማሞ ነው። አበበም ከዚያ በኋላ ሻምበል ተባለ፤ እኛም የምንጠራው በዚሁ ማዕረጉ ነው።

አምስት ወር አልፎ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ያቺ ነጭ ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ሌሊቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ እንደተያዘ አደረ፤ ያወጡት ሲነጋ ነው። አከርካሪው ተጎድቶ ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለውና የአከርካሪ ጉዳት ወደሚታከምበት ሆስፒታል ተወሰደ፤ ስምንት ወር ቆየ። መጀመሪያ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዕድሜው 36 ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በዚያ ሆስፒታል ዘንድ ስፖርት የመድኃኒት ያህል ነው፤ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ የምንለው ነገር መነሻው እዚያ ነው። አበበም በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እዚያው በቀስት ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ አገር ለእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ እንግድነቱን ትቶ ተወዳዳሪ ሆነ። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከተወዳደረ በኋላ፣ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ሩጫ አንደኛ ወጣ። የጃቶ ልጅ፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ በረዶ ላይ ውሻ እየነዳ! ይህን ለሰፈሩ ልጆች ስነግራቸው አሁንም ሳቁ፤ ግን ያሁኑ ሳቅ ሌላ ነው። ሰዎች ስለ ዕጣው ሲጠይቁት፣ ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እንደሆነ አድርጎ እንደሚቀበል ይመልስ ነበር። እኔ በበኩሌ እንደዚህ ለማለት የምችል አይመስለኝም። ጉልበቴን ሪህ ሲይዘኝ እንኳ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይሰማኛል።

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የአልጋ ቁራኛ የሆነ አባል ሲኖር በየተራ እንጠይቅ ወይስ ዕድሩ የቀብር ብቻ ይሁን ተብሎ ብዙ ክርክር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። እኔ በዚያን ዕለት ዝም ብዬ ነበር፤ ያሰብኩት ግን አበበን ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የኖረው አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው፤ የቀብሩ ቀን ግን አንድ ቀን ነው። ለቀብሩ ድንኳን መጣል እናውቅበታለን፤ ጡሩንባም ሲነፋ ከሥራ እንቀራለን። አራት ዓመት ከመንፈቅ የማክሰኞና የሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሆነ ግን አስልቼ አየሁት፤ ብዙ ነው። ሐሳቡ ዘንድሮ ተመልሶ ቢነሣ እኔ ዝም አልልም።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ሻምበል አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ ወደ ሙኒክ ኦሊምፒክ ተጋበዘ፤ ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ከሮም ልክ በ12 ዓመቱ፣ በዚያው በዋዜማው ዕለት። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴም ሦስተኛ ሆነ። ሾርተር ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አበበን ጨበጠው።

አበበ ያረፈው በዓመቱ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ከአደጋው የተነሣ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ሚስቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ነው። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ፤ በቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ቀባሪው 65 ሺህ ያህል ሕዝብ ተብሎ ተገምቷል። ከዚያ ሕዝብ አንዱ እኔ ነኝ። የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ያየሁት ነገር ቢኖር የሰው ጀርባ ነው። ሬሳውንም አላየሁ፤ ንጉሡንም አላየሁ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ወታደር ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ፤ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ያልረሳሁት እሳቸውን ነው።

ያ ሮም ላይ አበበ አጠገቡ ፍጥነቱን የጨመረበት የአክሱም ሐውልት ተነቅሎ፣ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ፣ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ አገሩ ገባ። አክሱም ላይ በነበረበት የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።